ግማሽ ዙር የጎደለው ብሎን

በፖርት ሰይድ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ባለው የመካኒኮች ሰፈር፣ ስለ ኡስታ ረድዋን፣ ስለ ባለሙያው ማለት ነው፣ የሚወራው ሁሌም አንድ ነው፤ እጁ ወርቅ ነው፣ ሥራው ግን ይመለሳል። መኪና ላይ ሙዚቃ የሚገጥም ሰው በከተማው ሞልቷል። እንደ ረድዋን ሽቦ የሚያስተኛ ግን የለም። ከባትሪው የተነሳውን ወፍራም ኬብል በምንጣፉ ሥር ይዞት ሲሄድ በየት ገብቶ በየት እንደወጣ አይታይም። የኃይል ማከፋፈያው ጋ ሲደርስም ለእያንዳንዱ አምፕሊፋየር የሚበቃውን ሽቦ በዐይኑ መዝኖ ነው የሚያድለው። እንዲህ ተጠብቦበት የወጣ መኪና ታዲያ ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ድምፁ እየተቆራረጠ ያስቸግራል። ባለቤቱም አንገቱን እየነቀነቀ ይመለሳል።

«ኡስታ፣ ያ ነገር ደግሞ ጀመረው እኮ።»

«እሱን ተወው፣ አንተ ግባ። ምነው ጠፋህ? ባስዩኒ! ሻይ አምጣ!»

ባስዩኒ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ያለው፣ ነገር የማያመልጠው ወፍራም ሰውዬ ነው። ትሪውን ይዞ መንገዱን ሲሻገር ሁልጊዜ የሚላት አለችው። «የረድዋን ደንበኞች ባይመለሱ ኖሮ እኔ በረሃብ አልቅ ነበር» ይላል። ረድዋን ይስቃል። ለተመለሰ ሥራ ሳንቲም አይቀበልም፤ ሰዉም ዕድለ ቢስ ግን ሐቀኛ ሰው ነው ይለዋል። በነጻ የሚሠራለትን ሰው ማን ይመረምራል?

እውነቱን የሚያውቀው ራሱ ረድዋን ብቻ ነበር። ሥራው የሚመለሰው እንዲመለስ አድርጎ ስለሚለቀው ነው።

የጀመረው ሚስቱ ኢንሳፍ የሞተች ሰሞን ነው። ልጅ አልነበራቸውም። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ እሷ ከሄደች በኋላ አንዱን ጨርሶ መክፈት ትቷል። ማታ ሲገባ ቴሌቪዥኑን ይከፍትና ጀርባውን ሰጥቶት ፉሉን ይበላል። የሚፈልገው ምስሉን አይደለም፤ ቤት ውስጥ የሰው ድምፅ ይኑር ብሎ ነው። በዚያ ሰሞን ሐሳብ ይዞት የአንድ ባለ ታክሲን የፊውዝ መያዣ ብሎን ሳያጠብቅ ለቀቀው። ባለ ታክሲው ተመልሶ መጣ። ረድዋን ይቅርታ ጠይቆ ሻይ አዘዘለት፤ ሰውየው ከአማቱ ጋር የተጣላበትን ነገር ከሥሩ አንስቶ እስኪጨርስ የዐስር ሶላት ደረሰ። ያን ቀን ረድዋን ቤቱ ገብቶ ቴሌቪዥኑን ሳይከፍት እንቅልፍ ወሰደው።

በሚቀጥለው መኪና ላይ ካቻቢቴውን እያዞረ፣ ብሎኑ ሊጠብቅ ግማሽ ዙር ሲቀረው፣ እጁ ቆመ። «እጄ ነው የቆመው፣ እኔ አይደለሁም» አለ ለራሱ። ይኼን የመሰለ ውሸት ለሌላ ሰው ቢነግረው ይስቅበት ነበር። ራሱን ግን አሳመነበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊውዝ የሚበጠሰው ከልክ ያለፈ ኃይል ሲመጣበት ነው፤ ሥራውም ያ ብቻ ነው። ብሎን ሲላላ ግን ኃይሉ አይጨምርም። ያው የተለመደው ኃይል በማይገጥመው መጋጠሚያ ለማለፍ ሲታገል ቦታው ይግላል፤ ፊውዙ ሳይበጠስ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል፣ ከዚያ ድምፁ መቆራረጥ ይጀምራል። ረድዋን ይኼን ከማንም በላይ ያውቃል፤ አደጋውንም ያውቃል። ስለዚህ ለጥፋቱ ሕግ አወጣለት። ብሎኑ የሚላላው ከባትሪው አጠገብ፣ ዙሪያው ብረት በሆነበት ቦታ ብቻ ነው። የትምህርት ቤት ልጆች የሚያመላልስ መኪና ላይ በፍጹም አያደርገውም። ደግሞስ መኪናው እስኪቃጠል ዝም ብሎ የሚጠብቅ ማን አለ? ድምፁ ሲቆራረጥ ሰው ይመጣል። ሁሉ ነገር የቆመው በዚህች ላይ ነበር፤ ይመጣል።

ከሚመጡት ሁሉ እሱ የሚናፍቀው ሺሃታን ነው። ሺሃታ ዐርባን የተሻገረ፣ ቀጭን፣ ድምፀ ጎርናና የሚኒባስ ሾፌር ነው። ሚስት አግብቶ ፈትቷል፤ አሁን ቤቱ ውስጥ ያሉት እናቱና ሙዚቃው ናቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ከሰው ይልቅ ስፒከር ነው የሚቀመጠው ብለው ያሙታል። ያን ሁሉ የገጠመለት ረድዋን ነው፤ ማከፋፈያውን ከኋላ ወንበር ሥር፣ ፊውዙን ደግሞ ባትሪው ባለበት፣ ከፊት ከተሳፋሪው ወንበር ሥር ባለው የብረት ሳጥን ውስጥ። ከሥራው ሁሉ የሚኮራው በዚህ ነው። ሲመለስም ከሁሉ በላይ ደስ የሚለው ይኼኛው ነው።

«ዛሬ ደግሞ ማንን ጭነህ መጣህ?» ይለዋል።

«ኧረ ተዉኝ ኡስታ! አንዲት ሴትዮ ዳክዬ ታቅፋ ገባች። በሕይወት ያለ ዳክዬ! ሙዚቃውን ከፈት ባደርገው ዳክዬው በመስኮት ካልዘለልኩ አለ። ‹ቀንሰው፣ ደነገጠብኝ› አለችኝ። ‹እመቤቴ፣ ነገ ልታርጂው አይደል እንዴ፣ ዛሬን እንኳ ይጨፍር› አልኳት።»

«ምን አለችህ?»

«ምን ትለኛለች፣ ከዳክዬው ጋር ወረደች። ሒሳብ ሳትከፍል!»

ረድዋን ዕንባው እስኪመጣ ይስቃል። ጥቁር የሆነውን ፊውዝ ይቀይራል፣ ብሎኑን ያጠብቃል፣ ሺሃታ ዞር ሲልለት ግማሽ ዙር መልሶ ያላላዋል። ሺሃታ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ክንዱን ይይዘዋል። «ሞቼ እገኛለሁ! የተበላሸው የኔ ሥራ ነው።» ሺሃታም እየተሽኮረመመ ይሄዳል። ረድዋን በሩ ላይ ቆሞ መኪናው እስኪታጠፍ ያየዋል፤ የሚመለስበትንም ሳምንት በልቡ ያሰላል።

ዝም ብለህ ና ብሎት አያውቅም። እንዴት ይባላል? ሚስቱን የቀበረ ሽማግሌ፣ እንጀራውን ሊያሳድድ የሚሮጥን ሰው ናና አጫውተኝ ይላል እንዴ? ቢያፍርበትስ? ቢያዝንለትስ? እሱ ደግሞ ይብሳል። ሰበብ ካለ ግን ማንም ማንንም አይለምንም።

ከዚያ ሺሃታ ጠፋ። ጾሙ ገባ፣ ወጣ፣ ዒዱ አለፈ፣ ሺሃታ የለም። ረድዋን ብሎኑ ሳይላላ ጠብቆ ቀርቶ ይሆናል ብሎ አሰበና በገዛ ሥራው ተናደደ። ደውሎ ደህና ነህ ወይ ማለት ይችላል፤ ስልኩን አንስቶ ስሙን ያየዋል፣ ምን ብዬ ይላል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ሌሎቹ ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ያወራሉ፤ ጆሮው ግን መንገድ ላይ ነው። ባስዩኒም አይምረውም።

«ሙሽራህ ቀረብህ አይደል?»

«የምን ሙሽራ?»

«ያ ረጅሙ ነዋ። ሰፈሩ እንኳ ጸጥ አለ። ጆሮዬ እንዴት እንዳረፈ!»

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ረድዋን የአንድ ታክሲ ሽቦ እያስተካከለ ሳለ የሱቁ መስታወት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማን እንደሆነ ለማወቅ ቀና ማለት አላስፈለገውም። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ሲወጣ ሚኒባሱ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሞተሩ አልጠፋም። ውስጡ ፈርጥ በፈርጥ የለበሱ ሴቶች ጢም ብለውበት ያጨበጭባሉ። ከፊት ወንበር ላይ የሺሃታ እናት ሐጃ ነዒማ ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው ተኮፍሰዋል። ሺሃታ ከወገቡ በላይ በመስኮት ወጥቷል።

«ኡስታዬ! ይስሙልኝ! ይስሙልኝ እስቲ!»

«የት ጠፍተህ ነው አንተ?» አለ ረድዋን። ፊቱ ሁሉ በርቷል፣ ሊደብቀውም አልሞከረ።

«የእህቴን ልጅ ልንድር በፌሪ ጀልባ ወደ ፖርት ፉአድ እየተሻገርን ነው። ሰሙት? አይቆራረጥም! ስንት ጊዜ አስቸገርኩዎት! ሳንቲም አይቀበሉ፣ እኔም ሰው ነኝ፣ አፈርኩ። ከእንግዲህ ሽማግሌውን አላስቸግርም ብዬ ራሴ አበጀሁት።»

«እንዴት አድርገህ?»

«ያን ፊውዝ ተብዬ አውጥቼ ጣልኩትና ሚስማር አገባሁበት። ይኼን የሚያህል! ከዚያ ወዲህ ጸጥ ለጥ ብሎ እየዘፈነ ነው።»

ሐጃ ነዒማ ሳቁና ወንበራቸውን መታ መታ አደረጉ። «ወገቤንም አሞቀልኝ ወንድሜ! ልጄ ከሥሬ ማሞቂያ ነው የሠራልኝ።»

«ማዘር በዚህ ወንበር ካልሆነ አልሄድም ብላለች!» አለ ሺሃታ። ከኋላ ሴቶቹ ፌሪው አመለጠን ብለው ጮኹ። እሱም እጁን አውለብልቦ ማርሽ አስገባ።

ረድዋን ቀልቡ ተገፈፈ። «ቁም! ሺሃታ! ቁም!» አለ፤ ድምፁን ግን ራሱ የገጠማቸው ስፒከሮች ዋጡት። ላላ ያለ ብሎን፣ ላዩ ላይ ሚስማር። ከእንግዲህ የኬብሉ ሽፋን ቀልጦ ሽቦው ከብረቱ ጋር ቢነካካ እንኳ ኃይሉን የሚቆርጠው ነገር የለም፤ ያ ሁሉ የባትሪ ኃይል እሳት ይሆናል። ከዚያ በላይ ደግሞ የወንበሩ ስፖንጅ፣ ከስፖንጁ በላይ የሰው እናት። ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። ደግሞ ደወለ።

«ባስዩኒ! ሞተሩን አስነሳ!»

«ሻይ ጥጄ እኮ ነው።»

«ሻይህ ገደል ይግባ! አስነሳ ብዬሃለሁ!»

ባስዩኒ እንዲህ ሆኖ አይቶት ስለማያውቅ ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ ሞተር ብስክሌቱ ላይ ወጣ። ረድዋን የመሣሪያ ቦርሳውን ታቅፎ ከኋላው ተለጠፈ።

«ምን አየህ? ጋኔን?»

«ንዳ።»

«እየነዳሁ ነው! እኔንና አንተን ባንድ ላይ የሚሸከም ሞተር በምድረ ግብፅ አልተሠራም።»

ረድዋን አልሳቀም። ፌሪውን አዘግይልኝ ብቻ እያለ ነበር በልቡ። ሚስቱ ስትታመም እንኳ እንዲህ አድርጎ አልለመነም፤ ያኔ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም።

ፌሪው ዘግይቶ ነበር። መኪኖቹ እስከ ጉምሩኩ አጥር ድረስ ተሰልፈዋል፤ ሚኒባሱ ሽንኩርት ከጫነ መኪና ጀርባ ቆሞ በሙዚቃው ይዘላል። ግማሾቹ ሴቶች ወርደው አስፋልቱ ላይ እየጨፈሩ ነው። ሐጃ ነዒማ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ረድዋን የፊቱን በር ሲከፍት የቀለጠ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫውን መታው። ሌላው ሰው ሁሉ ሽቶ ተቀብቷልና ማንም ልብ አላለውም።

«ሐጃ፣ ይውረዱ።»

«ምነው ወንድሜ፣ ደረስን እንዴ?»

በብብታቸው ይዞ አወረዳቸው። ከቀሚሳቸው ጀርባ መዳፍ የሚያህል ቦታ ቡናማ ሆኗል። ወንበሩን ሲያነሳው ጭሱ ፊቱ ላይ ቦነነ፤ የስፖንጁ ሆድ እንደ ሲጋራ ጫፍ ቀይ ሆኖ ይንጨረጨራል። ፒንሳውን አውጥቶ የባትሪውን ገመድ ነቀለ። ሙዚቃው ድርግም አለ። ስፖንጁን በባዶ እጁ ቦጭቆ መሬት ላይ ጣለው፤ ባስዩኒም በሰልፉ መካከል ዒርቅሱስ ከሚሸጠው ሰውዬ ማሰሮውን ነጥቆ ያን ጥቁር ጣፋጭ መጠጥ ሁሉ ደፋበት። ተንሾሾና ጠፋ። ሻጩ መጮህ ጀምሮ ስፖንጁን ሲያይ ተወው።

ሺሃታ እናቱን ያያል፣ የተቃጠለውን ቀሚስ ያያል፣ ሚስማሩን ያያል። ከንፈሩ ነጭ ሆነ። ተንበርክኮ የእናቱን እጅ ያዘ።

«እኔ ነኝ! በዚህ በሚስማሬ! እናቴን በገዛ እጄ ላቃጥላት ነበር!»

«ተነሥ፣ ሱሪህን አቆሸሽከው» አሉት ሐጃ ነዒማ።

ሺሃታ ተነሥቶ ረድዋንን አቀፈው፣ ግንባሩን ሳመው፣ ደግሞ ሳመው። ሴቶቹ የሆነው ሲገባቸው እልልታውን አቀለጡት። «ከዛሬ ጀምሮ አባቴ ነዎት!» አለ እያለቀሰ። «ሠርጉ ላይ ከእናቴ ጎን ነው የሚቀመጡት። ዓርብ ዓርብ ምሳ እኛ ቤት ነው፤ እምቢ ቢሉ ተሸክሜ ነው የምወስድዎት። ሰማችሁ? አባቴ ነው ይኼ!»

የሚፈልገው ሁሉ ይኸው መጣለት። ዓርብ፣ ምሳ፣ የሰው ድምፅ፣ አባቴ የሚለው ሰው። የሚጠበቅበት ዝም ማለት ብቻ ነው። ጥፋቱን ሚስማሩ ይሸከመዋል፤ ሚስማር ደግሞ አፍ የለውም። ረድዋን የቀለጠውን የፊውዝ መያዣ እንደያዘ ቆሞ ነበር። ብሎኑ በአውራ ጣቱ ሲነካው ያለ ካቻቢቴ ይዞራል። እሱም ዝም አለ። ትንሽ ዝም አለ፣ ይኼንን ልንደብቅለት አንችልም። ምሳውን በዐይነ ኅሊናው እስኪያየው ድረስ ዝም አለ።

ሐጃ ነዒማ የተላጠ መዳፉን አይተው ወደራሳቸው ሳቡትና እፍ እፍ አሉበት። «እጅህን አላህ ይጠብቅልኝ ወንድሜ። የተባረከ እጅ ነው» አሉ።

እጁን ከእጃቸው አወጣ።

«ሚስማሩ አይደለም» አለ።

«ምን አሉ ኡስታ?» አለ ሺሃታ።

«ሚስማሩማ አብሶታል። መጀመሪያ ያጋለው ግን ይኼ ብሎን ነው። ያላጠበቅኩት እኔ ነኝ።»

«አይ፣ ሰው አይደሉ እንዴ፣ ይረሳሉ...»

«አልረሳሁም። አንድም ቀን ረስቼ አላውቅም። አንተ በመጣህ ቁጥር አጠብቀዋለሁ፣ ከዚያ አላላዋለሁ።»

ባስዩኒ ባዶውን ማሰሮ እንደያዘ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ሺሃታ ፈገግታው ገና ከፊቱ አልጠፋም፤ ቀልድ ነው ብሎ ሳቁን የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

«ለምን?»

«እንድትመለስ።»

«ምን ልሆን?»

«ምንም። እንድትቀመጥ። እንድታወራኝ።» ረድዋን ብሎኑን በአውራ ጣቱ አዞረው። «ቤት ማንም የለም» አለ። ይኼን ቃል ለማንም ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

ሺሃታ ቀስ እያለ ገባው። ፈገግታው ጠፋ፤ በየሻዩ፣ በየሳቁ፣ ሞቼ እገኛለሁ በተባለበት ሁሉ ተመልሶ ሲያልፍ በዐይኑ ይታይ ነበር። ሲናገር ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«እኔ እኮ ላንተ አፍሬ ነው የቀረሁት። አስቸገርኩት ብዬ። ሚስማሩን ያገባሁት ላንተ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ና ማለት አቅቶህ ነው? አንድ ቃል እኮ ናት! ና ብትለኝ አልመጣም ነበር?»

«አላውቅም።»

«አታውቅም! ሳትጠይቀኝ ከእናቴ ሥር እሳት ሸጎጥክ፣ አታውቅም!»

ረድዋን ቦርሳውን ከፈተ። «ልግጠመው። አዲስ መያዣ ይዣለሁ። ሠርግ ነው፣ ያለ ሙዚቃ...»

«አትንካ። እጅህን እንዳታሳርፍበት።»

የፌሪው በር ተከፍቶ ሰልፉ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሺሃታ የሙዚቃውን ኬብል አውጥቶ ወደ ጎን ጣለ፣ የባትሪውን ገመድ በገዛ እጁ አሰረ፣ እናቱን ከኋላ አስቀመጠ። ሐጃ ነዒማ አንድ ጊዜ ዞር ብለው ረድዋንን አዩትና ፊታቸውን መለሱ። ሚኒባሱ ዝም ብሎ ፌሪው ላይ ወጣ። ሴቶቹ ትንሽ በእጃቸው ለማጨብጨብ ሞከሩና ተዉት።

ባስዩኒ ማሰሮውን ለባለቤቱ መልሶ፣ ለፈሰሰው ከፍሎ፣ ሞተሩን አስነሣ። «ውጣ» አለው። ሱቁ በር ላይ ሲያወርደው፣ «እኔም ሻዬን ስሸጥ የኖርኩት በሰው ነፍስ ላይ ነበር ማለት ነው» ብሎ ወደ ሻይ ቤቱ ገባ።

በማግሥቱ ረድዋን መደወል ጀመረ። የገጠመላቸውን ሁሉ እያስታወሰ ጠራቸው። «ብሎን አላላሁብህ፣ ናና ላጥብቅልህ» ይላል፤ ለምን ብሎ ለጠየቀውም ይነግረዋል። ቀልድ መስሎት ጭኑን እየመታ የሳቀ ነበር። በሰፈሩ ፊት አባቱን የሰደበው ነበር። በር ድረስ መጥቶ፣ ከመኪናው ሳይወርድ፣ ወደ ሌላ ኤሌክትሪሺያን የሄደ ነበር። መኪናቸውን ለሰጡት ብሎኑን ድምፅ እስኪያወጣ አጠበቀ፣ ሽቦውን በእጁ ስቦ ፈተነ፣ በሩን ዘጋላቸው። ሻይ አላዘዘም፤ ባስዩኒም አላመጣም። ከዚያ በኋላ ሥራው አልተመለሰም። ሰውም አልተመለሰም።

ሱቁ ጸጥ አለ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ አቧራ ሲቀመጥ እሱ ያየዋል፤ ይጠርገዋል፣ ማንም አይቀመጥበትም፣ መልሶ ይጠርገዋል። ብቸኝነቱ ከቀድሞው ይልቅ ከበደው፤ ቀድሞ ቢያንስ አንድ የሚጠብቀው ነበረው። ማታ ማታ በቴሌቪዥኑ ፊት ሺሃታ ያላትን ቃል እያነሣ ይጥላል። አንድ ቃል እኮ ናት። ለኢንሳፍ እንኳ ብሏት አያውቅም፤ እሷ ሳትጠራ ነበር የምትመጣው።

አንድ ቀን ጠዋት ሱቁን ቆለፈ። የመሣሪያ ቦርሳውን ውስጥ ትቶ፣ ባዶ እጁን፣ ሺሃታ ተራ ወደሚይዝበት ወደ ገበያው ፌርማታ ሄደ። መስመሩ ከገበያው እስከ ባሕር ዳርቻው መጨረሻ ነው። ሚኒባሱ ቆሟል፤ ዝም እንዳለ ነው፣ ስፒከሮቹ እንደ ዕቃ ተቀምጠዋል። ረድዋን ከሰው ጋር ገባና ከኋላ ወንበር ጥግ ያዘ። ሒሳቡን እንደማንኛውም ተሳፋሪ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ አሳልፎ ሰደደ። ሺሃታ ሊቀበል ዞር ሲል አየው። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ምን ፈለጉ?»

«ምንም።»

«ማን ነው ይሥራልኝ ያለዎት?»

«ማንም አላለኝም። መሣሪያም አልያዝኩም» አለ ረድዋን። ሰዉ ሁሉ እየሰማ ነበር። ፊቱ ጋለ፤ ግን ከመጣ ወዲያ መመለስ የለም። «ልቀመጥ ነው የመጣሁት።»

«ሾፌር፣ አንሄድም እንዴ? ዓሣዬ ሸተተ!» አለች አንዲት ቅርጫት የያዘች ሴት። ሺሃታ ፊቱን አዞረና ነዳ።

በየፌርማታው ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ። ሴትዮዋ ከዓሣዋ ጋር ወረደች። ሁለት ወታደሮች ገብተው ስለ ዕረፍታቸው ሲከራከሩ ቆይተው ወረዱ። ሺሃታ ከማንም ጋር አልቀለደም፤ በመስታወቱም ወደ ኋላ አላየም። ባሕሩ ዳር ያለው መጨረሻ ላይ ሲደርሱ የቀሩት ሁሉ ተከታትለው ወጡ፤ በሩም እንደተከፈተ ቀረ። ነፋሱ ገብቶ የወንበሮቹን ሽፋን ያንቀሳቅሳል። ረድዋን ጉልበቶቹን በሁለት እጁ ይዞ ከቦታው አልተነሣም። አሁን ውረድ ይለኛል ብሎ ጠበቀ። ቢለው ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሄድበት አልነበረውም።

ሺሃታ መሪውን እንደያዘ ረጅም ጊዜ ባሕሩን አየ። ከዚያ በመስታወቱ ወደ ኋላ ተመለከተ።

«ወራጅ አለ?» አለ፣ ሁልጊዜ ለተሳፋሪ በሚጮኸው ድምፅ። ከረድዋን በቀር ማንም አልነበረም።

«የለም» አለ ረድዋን።

ሺሃታ እጁን ዘርግቶ በሩን ዘጋና መኪናውን አዞረ።